ለመጀመሪያዋ የቤት አረቄ ማውጫ መዳቡ ከየት ይገዛ? በምንስ ይያያዝ?

ጥያቄው የመጣው ኮልፌ አካባቢ ከሚኖር ወጣት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «አክስቴ አረቄ የምታወጣው በሸክላ ማሰሮና በመቃ ነው። እኔ ደግሞ ለቤታችን ብቻ የምትሆን፣ 10 ሊትር ገደማ የምትይዝ የመዳብ ማውጫ ልሠራ አስቤያለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። መዳቡን ከየት ላግኝ? ግቢያችን ውስጥ አሮጌ የመኪና ራዲያተርና የተበላሸ ፍሪጅ አለ። የእነሱን ቱቦ ፈትቼ ብጠቀም ይሆናል? ብየዳውንስ እዚሁ ሰፈር ያለው በያጅ ቢሠራልኝ ምን ይመስልዎታል?»

ወንድሜ፣ ስለ መዳቡ ብዙ አትጨነቅ። መዳብ አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በመዳቡ ሳይሆን መዳቡን ከመዳብ ጋር በሚያያይዘው ነገር ነው። እኔ በፍሪጅና በኤሲ ሥራ መዳብ ስቆርጥና ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን ልታገናኘው ነው?» ብዬ ነው። እሱ ከታወቀ ምን መግዛት እንዳለብህ ራሱ ይነግርሃል።

ራዲያተሩን አሁኑኑ ከሐሳብህ አውጣው። ለአረቄ ፈጽሞ አይሆንም። የድሮ ራዲያተር የናስና የመዳብ ሥራ ስለሆነ ሲያዩት ያጓጓል። ክፍሎቹ የተያያዙት ግን እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት በበዛበት ሶልደር፣ ማለትም ቀልጦ በሚያያይዝ ብረት ነው። ከድፍድፉ የሚነሳው ትኩስ እንፋሎት እዚያ ውስጥ ሲቀዘቅዝ አሲድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ያው አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። አሲዱ እርሳሱን ቀስ እያለ ያሟሟውና ጠርሙስህ ውስጥ ይገባል። በዓይን አይታይም፣ በሽታም አይለይም። በዚያ ላይ ራዲያተሩ ለዓመታት ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሲይዝ የኖረ ነው። ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ኩላሊት የሚያበላሽ መርዝ ነው፣ በየጥጉ የተጣበቀውን ደግሞ አጥበህ አትጨርሰውም። ሶማሌ ተራ ሄደህ «ንጹሕ ነው» የተባለ ራዲያተር ብታገኝም መልሴ አንድ ነው። አዳዲሶቹማ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ናቸው።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ነገሩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1723፣ ሩም የሚያወጡ ሰዎች የእርሳስ ክዳንና የእርሳስ ቱቦ እንዳይጠቀሙ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። ጠጪው ከባድ የሆድ ቁርጠት ይይዘው፣ እጅ እግሩም ይዝል ነበር። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991፣ አላባማ ውስጥ በቤት የወጣ አረቄ የጠጡ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ከፍተኛ እርሳስ ተገኝቶ ሐኪሞች መዝግበውታል። መነሻው የመኪና ራዲያተር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ነው የሚናገረው። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች» አይባልም።

ወደ ፍሪጁ ልሂድ። ይህኛው ሥራዬ ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። ፍሪጅ ጀርባ ላይ የምታየው ጥቁር መረብ ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ውስጠኛው ቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ በብዙዎቹ አሉሚኒየም ነው። የቀረው መዳብ ጥቂት ነው፣ ከዚያም ውስጥ አንዱ እንደ ክር የቀጠነው ካፒላሪ ቱቦ ነው፤ ለአንተ አይጠቅምም። የተረፈውም ቱቦ ውስጡ የኮምፕረሰር ዘይት ጠጥቷል። ዘይቱን በእሳት አቃጥለህ ለማጥራት አትሞክር። ውስጡ የቀረ ጋዝ በእሳት ሲመታ አደገኛ መርዝ ይሆናል። ፍሪጁን እንዳለ ለጥገና ባለሙያ ስጠው፣ ጋዙን በሥርዓቱ ያውጣው።

ምናለሽ ተራም ሆነ ከሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ቆራሌው ጋር ብዙ መዳብ ታያለህ። ለሌላ ሥራ እኔም ከእነሱ እገዛለሁ። ለሚጠጣ ነገር ግን ያገለገለ ቱቦ አልገዛም፤ ከዚያ በፊት ምን እንዳለፈበት የሚነግርህ የለም። ከኤሌክትሪክ መስመርና ከትራንስፎርመር የተፈታ መዳብማ ባትነካው ይሻላል። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይትም መርዛማ ኬሚካል የያዘ ሊሆን ይችላል። አሮጌ የመዳብ ድስት ወይም ማንቆርቆሪያ ብታገኝም ውስጡን ተመልከት። ነጭ ሽፋን ካለው ቆርቆሮ ተቀብቷል ማለት ነው። በድሮ ቅብ ውስጥ እርሳስ አለ የለም ብለህ በዓይንህ መለየት አትችልም።

እና ከየት? ከፍሪጅና ኤሲ መለዋወጫ ሱቅ፣ አዲስ ቱቦ። መርካቶም ሌላ ቦታም አሉ። በጥቅል የሚመጣ ለስላሳ የመዳብ ቱቦ አለ፣ አንዱ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ 15 ሜትር ነው። ጥሩው ነገር ውስጡ ተጠርጎና ደርቆ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ተደፍነው መምጣቱ ነው። ስለዚህ ስትገዛ ጫፉ ተደፍኖ የቆየውን ምረጥ። ሙሉ ጥቅል አያስፈልግህም። ሱቁ በሜትር አልቆርጥም ካለህ ኤሲ የሚገጥሙ ልጆችን ጠይቅ። ከገጠማ ቁራጭ ይተርፋቸዋል፤ አንድ ወጥ ሆኖ 4 ሜትር የሚሞላውን ፈልግ። አዳማ፣ ድሬዳዋ ወይም ሐዋሳ ዘመድ ካለህ እዚያ ይበልጥ ይቀልሃል፤ ሙቀት ባለበት ኤሲ ይበዛል። ቁራጩ በነጭ ስፖንጅ ተሸፍኖ ከሆነ ስፖንጁን ገፍፈህ ጣለው። «አዲስ ነው ወይስ ከተፈታ ኤሲ የመጣ?» ብለህ ደግሞ ጠይቅ። የተፈታ ከሆነ ተወው።

ከመግዛትህ በፊት ኪስህ ማግኔትና ትንሽ ሞረድ ያዝ። ማግኔት ከያዘው መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ጫፉን በሞረድ ፋቀው። ውስጡ እንደ ላዩ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፣ ነጭ ካሳየህ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። በእጅህም መዝነው፤ አሉሚኒየም ቀለል ይላል። ሻጩ ፋቄ ልየው ስትለው ከተቆጣ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ስንት ይበቃል? ለ10 ሊትር ድስት የግማሽ ኢንች ቱቦ 4 ሜትር ያህል በቂ ነው። ቀጭኑ፣ የሦስት ስምንተኛ ኢንቹ፣ ይረክሳል፣ ለመጠምዘዝም ይቀላል። ለጀማሪ ግን ግማሽ ኢንቹን ነው የምመርጠው። ድፍድፍ ከፈላ ገለባና አረፋ ሽቅብ ይወጣል፣ ቀጭን ቱቦ ደግሞ ይደፈናል። ቱቦ ሲደፈን ድስቱ ቦምብ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ገንዘብ አትቆጥብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። በጣም የምወደው አሠራር ብየዳ የሌለው ነው። ከክዳኑ ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ውሃ ባልዲው ውስጥ ተጠምዝዞ፣ ከታች እስኪወጣ ድረስ አንድ ወጥ ቱቦ ይሁን። አትቁረጠው። ጎሚቶ (መታጠፊያ) አትግዛ፣ ማኒኮቶ (መቀጠያ) አትግዛ። ለስላሳ መዳብ በእጅ ስለሚታጠፍ ጎሚቶ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። ያኔ መገናኛህ አንድ ብቻ ይሆናል፦ ቱቦው ክዳኑን የሚነካበት ቦታ።

እዚያ ቦታ ላይ ፍሌር ተጠቀም። ማንኛውም የፍሪጅ ጥገና ባለሙያ መሣሪያው አለው። የቱቦውን አፍ እንደ ጡሩምባ ከፈት ያደርግልህና በነት ያጠብቀዋል። አንድ ጫፉ ፍሌር፣ ሌላው ጫፉ ጥርስ የሆነ መጋጠሚያ ግዛ። ክዳኑን በልኩ አስበሳው፣ መጋጠሚያውን አስገብተህ ከውስጥ በነት እሰረው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ስታጸዳም ትፈታዋለህ። የኤሲ ጋዝ በዚያ ሁሉ ግፊት የሚያዘው በዚሁ መጋጠሚያ ነው፤ ግፊት የሌለው የአረቄ እንፋሎት አያቅተውም።

መጋጠሚያው ራሱ ግን ናስ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ተራ ናስ ለማሽን ሥራ እንዲመች ተብሎ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን እርሳስ ይጨመርበታል። ከራዲያተሩ ሶልደር ጋር አይወዳደርም። እንፋሎቱ የሚነካውም ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ቢሆንም ዝም ብለህ አትለፈው። የስቴንለስ መጋጠሚያ ካገኘህ እሱን ውሰድ። ካላገኘህ የናሱን ገጽ እጠበው። ሁለት እጅ ነጭ አቼቶና አንድ እጅ ከፋርማሲ የሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀላቅልና 10 ደቂቃ ያህል ንከረው። ላዩ ላይ ያለው እርሳስ ይለቅና ናሱ ቅቤ ቅቤ የሚል ቢጫ ይይዛል። ጓንት አድርግ፣ ደጅ ሆነህ ሥራ፣ ውሃውንም አትክልት ላይ አትድፋው። ከዚያ በኋላ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍገው፤ አዲስ ገጽ ታወጣለህ።

ብየዳ የግድ ከሆነብህስ? በርና መስኮት የሚሠራው የሰፈርህ በያጅ በኤሌክትሪክ ዘንግ ብረት ነው የሚበይደው። ያ ለመዳብ አይሆንም። ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው ልጅ ደግሞ ሶልደር አለው፤ ግን በ183 ዲግሪ የሚቀልጠው የተለመደው ሶልደር ከሲሶ በላይ እርሳስ ነው። «ትንሽ ጠብታ ብቻ» ቢልህም አይሁን። ወደ ፍሪጅ ባለሙያ ሂድ። እሱ በጋዝ እሳት፣ በመዳብና ፎስፈረስ ዘንግ ይበይዳል። ያ ዘንግ እርሳስ የለውም። መዳብን ከመዳብ ጋር ሲያያይዝ ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚቀባ ማጽጃ) እንኳ አይፈልግም። ሁለት ነገር አደራ በለው። አንደኛ፣ በዚህ ዘንግ መዳብን ከስቴንለስ ወይም ከብረት ጋር አያያይዝ፣ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ የብር ዘንግ ከተጠቀመ ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት የሌለበት መሆኑን ከማሸጊያው ላይ አንብብ። በድሮዎቹ የብር ዘንጎች ውስጥ ካድሚየም ነበረበት፤ ጭሱ በያጁን ራሱን ይገድላል። ማሸጊያው ከጠፋ ዘንጉን አትመነው።

ድስቱ መዳብ መሆን የለበትም። ብዙ ሰው «የመዳብ ማውጫ» ሲባል ከታች እስከ ላይ መዳብ ይመስለዋል። ስቴንለስ ድስት ይበቃሃል፤ እንዲያውም ኮምጣጣ ድፍድፍ ለሰዓታት መዳብ ውስጥ ባይፈላ ይሻላል። መዳቡ የሚፈለገው እንፋሎቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ከጥንስስ የሚነሳ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት የድኝ ጋዝ አለ። መዳብ ያንን ይይዘዋል፣ ውስጡ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ሙቀት በማሳለፍም ስቴንለስን ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ስለዚህ አጭር ቱቦ በደንብ ያቀዘቅዛል። ከቱቦው የተረፈህ ቁራጭ ካለ በጣት ስፋት እየቆረጥህ፣ ጫፉን በሞረድ አለስልሰህ፣ ከክዳኑ ሥር በስቴንለስ ወንፊት አንጠልጥለው። ተጨማሪ መዳብ አገኘህ ማለት ነው። እንፋሎት በሰፊው የሚያልፍበት ክፍተት ግን ተው። የአሉሚኒየም ድስትና የአሉሚኒየም የወተት ጣሳ ግን ይቅሩ፣ አሲድ ይበላቸዋል። ዚንክ የተቀባ ባልዲም ለድፍድፍ አይሆንም። ለማቀዝቀዣው ውሃ ከሆነ ችግር የለውም።

ክዳኑን በምን ልድፈነው ካልክ፣ አክስትህን ጠይቃቸው። በሊጥ የሚደፍኑ ከሆነ አንተም በሊጥ ድፈን። ሊጥ ለአረቄ ምንም አያደርግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውስጡ ግፊት ቢፈጠር ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው። ስለዚህ ክዳኑን በብሎን አትጠፍረው። የግፊት ድስት አትጠቀም። እንፋሎቱ በሚሄድበት መንገድ ላይ ሩቢኔት አትግጠም፤ መውጫው ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ጎማና ኤፖክሲ ሙጫ አረቄው በሚነካበት ቦታ አይግቡ። ጥርሱ ላይ የምትጠቀልለው ነጩ የቧንቧ ቴፕ፣ ቴፍሎኑ፣ ግን ሙቀቱን ይችላል።

ቱቦውን ስትጠመዝዝ እንዳይሰበር ውስጡን በደቃቅ ጨው ሙላው። ጫፎቹን ድፈንና ወፍራም ጣሳ ላይ ቀስ እያልክ ጠምልለው። ጨው የመረጥኩት በኋላ በሙቅ ውሃ ሟሙቶ ስለሚወጣ ነው፤ አሸዋ ጥግ ላይ ይቀራል። ጠምዝዘህ ስትጨርስ ከላይ እስከ ታች ያለማቋረጥ ቁልቁል መውረዱን እይ። ወደ ላይ ተመልሶ የሚነሳ ቦታ ካለ ፈሳሹ እዚያ ይጠራቀማል። ከባልዲው ሥር በምትበሳው ቀዳዳ ዙሪያ ሲሊኮን ብትቀባ ጉዳት የለውም፣ የሚነካው ውሃውን ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከሥር ይግባ፣ የሞቀው ከላይ ይውጣ።

የመጀመሪያውን ቀን አረቄ አታውጣ። ቱቦውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠበው። ከዚያ ድስቱ ውስጥ ንጹሕ ውሃ አፍልተህ እንፋሎቱን አሳልፍ። ቀጥሎ ውሃና አቼቶ ቀላቅለህ ድገመው። የሚወጣው ፈሳሽ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ የመዳብ ዝገት ነው፤ ድፋው። ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ድረስ በውሃ መልሰህ አሳልፍ። የመጀመሪያውንም አረቄ ለእጥበት ቁጠረውና ድፋው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ስትጨርስ በውሃ አሳልፈህ አድርቀው። እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ አረንጓዴ ያወጣል።

አንድ ነገር ላንሳ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። መዳብ ሜታኖል የሚባለውን መርዛማ አልኮል አያጠፋም። የእህል ጥንስስ በራሱ የሚያወጣው ሜታኖል ጥቂት ነው። በየአገሩ ሰው የሚጨርሰው በአብዛኛው የፋብሪካ ሜታኖል ሲቀላቀልበት ነው። ስለዚህ «ለማጠንከር» ተብሎ ከውጭ የሚጨመር ማንኛውም አልኮል ደጅህ አይድረስ። የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋት ጥሩ ልማድ ነው፣ የሚያንገበግበውን ሽታ ይቀንሳል፤ የተመረዘ አልኮልን ግን አያጠራም።

ከውጭ አገር መመሪያ የሙቀት ቁጥር ቀድተህ ከሆነም ይህን አስብ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አልኮሉም ከ78 ወርዶ ወደ 71 ይጠጋል። ቴርሞሜትርህ ተበላሸ ብለህ እሳት እንዳትጨምር። እሳቱን ካነሳሁ፣ መቀበያ ጠርሙሱ ከምድጃው ይራቅ። የአልኮል እንፋሎት እሳት ይስባል። ከሰል ከሆነ የምትጠቀመው ዝግ ቤት ውስጥ አይሁን። መቀበያው ጠርሙስ ይሁን፣ ፕላስቲክ አይሁን። ድስቱን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙላ፣ ድፍድፉንም አጥልለህ አስገባ።

ይህን የምታነቡ ውጭ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ የአገሩን ሕግ ሳታዩ እንዳትጀምሩ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ያለ ፈቃድ በቤት አረቄ ማውጣትን እስከ 5 ዓመት እስራትና 10 ሺህ ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ ነው የጻፈው። በሳዑዲና በኩዌት አልኮል መሥራት ጭራሽ ክልክል ነው፣ እስርና ከአገር መባረር ያመጣል። ኒውዚላንድ ግን ለራስ መጠጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ፈቅዳለች። እዚህ አገር ቤት ለሽያጭ ካሰብክ ፈቃድና ኤክሳይዝ ታክስ አለ፣ ወረዳህን ጠይቅ።

ለጊዜው 4 ሜትር አዲስ ቱቦ፣ አንድ መጋጠሚያና አንድ ስቴንለስ ድስት ብቻ ፈልግ። መጋጠሚያውን ከመግዛትህ በፊት የክዳኑን ውፍረት በካሊፐር ለካው፤ ጥርሱ ከውስጥ ነት ለማሰር የሚበቃ ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ልኩን ከላክልኝ የትኛውን መጋጠሚያ እንደምትገዛ እነግርሃለሁ።